ብሪጅ ለጀማሪ፦ ጨረታው ይቆይ፣ ጨዋታው ይቅደም

ብሪጅ አራት ሰው ሁለት ሁለት ሆኖ የሚጫወተው የካርታ ጨዋታ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ካርታ ይዞ የታየ ሰው ቁማርተኛ መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ወደ ብሪጅ ክፍላችን ከመምጣታችሁ በፊት ለቤተሰብ ንገሩ፦ ገንዘብ የለበትም፣ ነጥቡ በወረቀት ተይዞ ያልቃል። ጋቢም ደርቡ፤ በብርዱ የደነዘዘ ጣት 13 ካርታ መያዝ ያቅተዋል።

የፕላስቲክ ካርታ ግዙ። የወረቀቱ ጠርዙ ቶሎ ይላጣል፣ ከዚያ ኤሱ ከጀርባው ይታወቃል። ጆከሮቹን አውጥታችሁ በውዙና ለአራት ሰው 13፣ 13 አድሉ። ፊት ለፊታችሁ ያለው አጋራችሁ ነው።

አንዱ ሲመራ ያው ዓይነት ያለው ሁሉ ያንኑ ይጥላል፤ የሌለው የፈለገውን። ከተመራው ዓይነት ትልቁ አራቱንም ይወስዳል፤ ይህ አንድ ትሪክ ነው፣ ቀጣዩንም የሚመራው የወሰደው ነው። ትራምፕ (ሌሎቹን ሁሉ እንዲበልጥ የተመረጠ ዓይነት) ካለ የትራምፕ 2 የሌላውን ኤስ ይበላል።

ጨረታውን፣ ማለትም ስንት ትሪክ እንደምትወስዱና ትራምፑ የቱ እንደሆነ በየተራ የሚጠራበትን ክፍል፣ ለጊዜው ተዉት። የጨረታ ሰንጠረዥ በመጀመሪያው ቀን የሚያሸክም አስተማሪ ተማሪውን ያባርራል። ጨረታ በሌለው ቀለል ያለ ብሪጅ፣ በሚኒብሪጅ፣ ጀምሩ፦ ኤስ 4፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1 ነጥብ ነው፤ ጠቅላላው 40። ሁሉም በየተራ ነጥቡን ይናገራል። ብዙ ነጥብ ካለው ጥንድ ውስጥ የሚበልጠው ሰው ውሉን (ይህን ያህል ትሪክ እንወስዳለን የሚለውን ቃል) ይይዛል፤ አጋሩ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ገልጦ ይዘረጋል፤ የሁለቱንም ካርታ የሚጫወተው ውል ያዡ ነው። ውል ያዡ አይቶ ይወስናል፦ ሁለቱ አንድ ላይ 25 ገደማ ካላቸው ያለ ትራምፕ 9 ትሪክ፣ ወይም በስፔድ ወይም በኸርት 10 መሞከር ያዋጣል። ከዚያ በግራው ያለው ይመራል።

አሁን ከባዱ መጣ። የመጀመሪያው ካርታ እንደወደቀ ከተዘረጋው እጅ ምንም አትንኩ። እርግጠኛ የሆኑትን ትሪኮች ቁጠሩ፣ የጎደለውን ከየት እንደምታመጡ አስቡ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው በምን እንደምትሻገሩ እወቁ።

ክፍላችን ውስጥ ኮንከር በሚባለው የካርታ ጨዋታ ላይ የሚፈሩ አንድ ጋሼ አሉ። ያለ ትራምፕ እየተጫወቱ እጃቸው ላይ የዳይመንድ ኤስና ንጉሥ ብቻ፣ እንዲሁም የክለብ (የአበባዋ) ንጉሥ ከ6 እና ከ3 ጋር ነበራቸው። የተዘረጋው እጅ ደግሞ የዳይመንድ ንግሥት፣ ጃክ፣ 5 እና 3፣ የክለብ ኤስና 4 ይዟል፤ ሌላ መግቢያ (ትሪክ ወስዶ ወደዚያ እጅ የሚያሻግር ካርታ) የለውም። ክለብ ሲመራባቸው «ኤሱን!» አሉ ሳያስቡ። ከዚያ የዳይመንድ ኤስና ንጉሥን ወሰዱ፤ ንግሥቲቱና ጃኩ ግን የሚደርስላቸው አጥተው ጠረጴዛው ላይ ተጋደሙ። ሁለት ትሪክ ጠፋ።

መንገዱ ይህ ነበር፦ ክለቡን እጃቸው ባለው ንጉሥ መውሰድ፣ ዳይመንድ ኤስና ንጉሥን መጫወት፣ በትንሿ ክለብ ወደ ኤሱ መሻገር፣ ከዚያ ንግሥቲቱንና ጃኩን መልቀም። ካርታው ያው ነው፣ ቅደም ተከተሉ ብቻ ተለወጠ። በቁጥር አነስተኛ ካለበት እጅ ትልልቆቹን ቀድሞ ማውጣት የሚባለው ይኸው ነው። የስልክ ጨዋታ እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም፤ ስትሳሳቱ ዝም ብሎ ያልፋችኋል። አራቱን እጅ ገልጦ መልሶ መጫወት ይሻላል።

አጋርን መጣቀስ፣ ጉሮሮ መጥረግ፣ ፊት ማጨፍገግ ክልክል ነው። ኮንከር ላይ የሚያስቀው እዚህ ያስቀይማል።

ይህ ሲለመድ ወደ ጨረታው ግቡ። የምትጠሩት ቁጥር ላይ 6 ይደመራል፤ «3 ያለ ትራምፕ» 9 ትሪክ ማለት ነው። ደረጃው ከታች ወደ ላይ ክለብ፣ ዳይመንድ፣ ኸርት፣ ስፔድ፣ ያለ ትራምፕ ነው። ለመጀመሪያ አንድ ጥሪ ብቻ ያዙ፦ ከ15 እስከ 17 ነጥብ ኖሯችሁ አራቱም ዓይነት ተመጣጥኖ ከደረሳችሁ «1 ያለ ትራምፕ» በሉ። የቀረውን ከአጋራችሁ ጋር ተስማሙበት፤ ተጋጣሚ «ምን ማለቱ ነው?» ብሎ ከጠየቀ ግን ስምምነታችሁን መናገር ግዴታ ነው።