የጣሪያ ቬንትሌተርና መብራቱ ሲበላሹ፦ ሞተሩ ላይ ከመፍረድዎ በፊት

የካቲት ገብቶ የአዲስ አበባ ፀሐይ ሲከር፣ በፒያሳና በካዛንቺስ ምግብ ቤቶች፣ በልደታ ኮንዶሚኒየሞች ሳሎን ውስጥ ቆሞ የከረመው የጣሪያ ቬንትሌተር ይታወሳል። ማብሪያው ሲጫን ግን ወይ ጭራሽ አይነሳም፣ ወይ ያጉረመርማል፣ ወይ እየተወዛወዘ ሰው ያስፈራል። ባለሙያ ይጠራል፤ «ሞተሩ ተቃጥሏል» ይላል፤ ቬንትሌተሩ ወርዶ አዲስ ይገዛል። ሞተር የሚቃጠልበት ጊዜ አለ። ደጋግሞ የሚበላሸው ግን ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ዕቃ፣ ካፓሲተሩ ነው፤ ዋጋውም ከአዲስ ቬንትሌተር ጋር አይወዳደርም። አንድ ደህና ዕቃ በከንቱ እንዳይጣል የምርመራውን ቅደም ተከተል ማወቅ ይጠቅማል።

ከሁሉ በፊት ኤሌክትሪኩን ያጥፉ። የግድግዳውን ማብሪያ ማጥፋት አይበቃም፤ በአሮጌ ቤቶች ማብሪያው የሚቆርጠው ኒውትራሉን (የመመለሻውን ሽቦ) የሆነበት ብዙ ነው፤ ቬንትሌተሩ ቢቆምም ፌዙ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ) ጣሪያው ላይ ይጠብቅዎታል። ብሬከሩን አውርዱና በቴስተር እያንዳንዱን ሽቦ ይፈትሹ፤ የሽቦ ቀለም አይመኑ። ከጎረቤት ጋር በአንድ ቆጣሪ የምትጠቀሙ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩ፤ «መብራት ጠፋ» ብሎ ብሬከሩን የሚመልስ ሰው አይጠፋም። ካፓሲተሩም ከጠፋ በኋላ ኃይል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ እጀታው በፕላስቲክ በተሸፈነ ካቻቢቴ ሁለቱን ጫፎቹን አነካክተው ባዶ ያድርጉት።

ቬንትሌተሩም መብራቱም አይሠሩም

ችግሩ ሁለቱ በሚጋሩት መስመር ላይ ነው። ብሬከሩን፣ ማብሪያውን፣ ከዚያ ጣሪያው ላይ ባለው ክዳን ውስጥ ያለውን የሽቦ መገጣጠሚያ ይዩ። በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ ሽቦ ከዓመታት ንዝረት በኋላ ይላላል፣ ይጠቁራል። የጠቆረውን ቆርጠው በብሎን በሚጠብቅ ማያያዣ ይግጠሙት። ቬንትሌተሩ በሪሞት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ክዳኑ ውስጥ ያለው ተቀባይ ቦርድ ይጠረጠራል፤ በተለይ መብራት ሄዶ በተመለሰ ማግስት። ኤሌክትሪክ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ጭማሪ ከሞተሩ ይልቅ ቦርዱንና የኤልኢዲውን ዕቃ ቀድሞ ይመታል። መብራት ሲሄድ ማብሪያውን የማጥፋት ልማድ ቢኖር ብዙ ቦርድ ይተርፋል።

መብራቱ ይበራል፣ ቬንትሌተሩ ግን ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም

መብራቱ ከበራ ኤሌክትሪክ እስከ ላይ መድረሱ ተረጋግጧል። አሁን መጀመሪያ አጥፍተው ክንፉን በእጅ ያዙሩት። የሚከብድ ወይም የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ኩሽኔታው ደርቋል ወይም ተበልቷል። እንደ ልብ የሚዞር ከሆነ በረጅም እንጨት ክንፉን ገፋ አድርገው፣ እንጨቱን ካራቁ በኋላ ሌላ ሰው ማብሪያውን ይጫን። ተገፍቶ ከተነሳና ወደ ሌላው አቅጣጫ ሲገፋም ወደ ተገፋበት ወገን መዞር ከቀጠለ፣ ጥርጣሬው በካፓሲተሩ ላይ ይወድቃል።

ምክንያቱ ይህ ነው። የቬንትሌተሩ ሞተር ሁለት የሽቦ ጥቅልሎች አሉት። ካፓሲተሩ በአንደኛው ጥቅልል የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ጊዜ እያዛነፈ ሞተሩ ወደ የትኛው ወገን እንደሚነሳ ይወስናል። ካፓሲተሩ ሲሞት ሞተሩ ኃይል እያገኘ አቅጣጫ ያጣል፤ ያለ እገዛ አይነሳም፣ ቆሞ እያጉረመረመ ይግላል። በዚህ ሁኔታ ለሰዓታት ከተተወ ደህናው ጥቅልልም ይቃጠላል፤ ስለዚህ «ነገ አየዋለሁ» ብለው አብርተው አይተዉት።

ካፓሲተሩ ጣሪያ ላይ ባለው ክዳን ውስጥ ወይም ከሞተሩ በታች፣ መብራቱ ከሚያያዝበት ክዳን ውስጥ ይገኛል። ያበጠ፣ የቀለጠ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ላዩ ደህና ከመሰለ ካፓሲተር በሚለካ መልቲሜትር ይለኩት፤ 2.5 ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር መለኪያ) ተጽፎበት ከ2.2 በታች ካነበበ ይቀየር። አሮጌውን ይዘው ይሂዱና ላዩ ላይ የተጻፈውን ማይክሮፋራድ ራሱን ይግዙ፤ ቮልቴጁ ግን እኩል ወይም የሚበልጥ ሊሆን ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜ 400 ወይም 450 ነው። ሻጩ «ትልቁን ውሰድ፣ ፈጥኖ ይዞርልሃል» ካለዎት እሺ አይበሉ፤ ትልቁ ካፓሲተር ጥቅልሉን ያግለዋል። ሰንሰለት ባላቸው ቬንትሌተሮች ውስጥ አንድ ካፓሲተር ሦስትና ከዚያ በላይ ሽቦ ሊኖረው ይችላል፤ ከመንቀልዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

ካፓሲተሩ ተቀይሮም ካልተነሳ ጥቅልሉን ይለኩ። ከሞተሩ የሚወጡትን ሦስት ሽቦዎች ሁለት ሁለቱን በመልቲሜትሩ የኦም መለኪያ ሲለኩ፣ የትልቁ ንባብ የሁለቱ ትንንሾች ድምር መሆን አለበት። የትኛውም ሁለት ምንም ካላነበቡ ጥቅልሉ ተበጥሷል። ከሽቦዎቹ አንዱ ከሞተሩ ብረት ጋር ከተነበበ ደግሞ ኤሌክትሪክ ወደ አካሉ እየፈሰሰ ነውና ዳግም አያብሩት።

ይዞራል ግን ቀርፋፋ ነው

ማታ ማታ ብቻ ከሆነ ቬንትሌተሩን አይፍቱ፣ ቮልቴጁን ይለኩ። በግቢው ምጣድ ሲጣድ አንዱ ብቻ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፤ መስመሩ ቀጭን ከሆነ የሁሉም ቤት ቮልቴጅ ይወርዳል። 220 ወደ 180 ሲወርድ የሞተሩ ጉልበት ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ቀን ከሌት ቀርፋፋ ከሆነ ግን የደከመ ካፓሲተር ወይም ደረቅ ኩሽኔታ ነው። የኩሽኔታው ቁጥር ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ 6201ና 6202 የተለመዱት ናቸው። በዘይት ማራስ ለሳምንታት ያሻሽለው ይሆናል፤ የተበላ ኩሽኔታ ግን ሳይቀየር አይድንም።

አየሩ ወደ ታች ካልመጣና ፍጥነቱ ደህና ከሆነ፣ የሞተሩ አቅጣጫ ማዞሪያ ተገልብጦ ይሆናል። ቬንትሌተሩን ሙሉ በሙሉ አስቁመው ይመልሱት።

የግድግዳው መቆጣጠሪያ ለቬንትሌተር የተሠራ መሆኑንም ያረጋግጡ። ለአምፖል የተሠራ ማደብዘዣ ሞተሩን ያጮኸዋል፣ ያግለዋልም። ሪሞት ያለውን ቬንትሌተር ደግሞ በግድግዳ መቆጣጠሪያ በኩል ማሳለፍ ተቀባይ ቦርዱን ይገድላል።

ይወዛወዛል

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለ፤ የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ ነው። ክንፎቹን ከማመጣጠን በፊት ማንጠልጠያውን ይፈትሹ። ቺፑድም ሆነ ጂፕሰም ኮርኒስ ቬንትሌተር አይሸከምም፤ ማንጠልጠያው ከኮርኒሱ በላይ ካለው ሶሌታ ወይም ከጣሪያው ሞራሌ ጋር መታሰር አለበት። በብዙ ኮንዶሚኒየሞች ሶሌታው በአግዳሚ የኮንክሪት ተሸካሚዎች መካከል ክፍት ብሎኬት ተደርድሮበት የተሠራ ነው። ብሎኬቱ ሆዱ ባዶ ስለሆነ በፊሸር የተሰካ ብሎን ቀስ እያለ ይወጣል። ቀዳዳው ሲበሳ መብሻው በድንገት ባዶ ቦታ ውስጥ ከገባ ቦታውን ይተዉና ድፍኑን የኮንክሪት ተሸካሚ ይፈልጉ። ከዚያ የማንጠልጠያው ጎማ አለመበላቱን፣ ብሎኑ እንዳይወጣ የምትሰካው መቆለፊያ ሽቦም ቦታዋ ላይ መኖሯን ይዩ። ክንፎቹም ከወለሉ ቢያንስ 2.3 ሜትር ከፍ ይበሉ፤ ቆጥ አልጋ ያለበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ልኬቱ ከአልጋው ይጀምር።

ማንጠልጠያው ደህና ከሆነ ክንፎቹን ይጥረጉ፤ በጋውን የተጠራቀመው አቧራ ብቻውን ሚዛን ያዛባል። ብሎኖቹን ያጥብቁ። ከጣሪያው አንድ ነጥብ ላይ ማስመሪያ አቁመው ክንፎቹን በእጅ እያዞሩ የእያንዳንዱን ጫፍ ርቀት ይለኩ፤ ጫፉ ከሌሎቹ የዘቀዘቀ ወይም ቀና ያለ ካለ የተጣመመው እሱ ነው። ርቀቱ እኩል ሆኖ አሁንም ከተወዛወዘ፣ በአንዱ ክንፍ መሐል ላይ ሳንቲም በናስትሮ አጣብቀው ይሞክሩ፤ ውዝዋዜው የሚቀንስበትን ክንፍና ቦታ እስኪያገኙ ያዘዋውሩት።

የመብራቱ ጣጣ

ኤልኢዲ አምፖሉ ጠፍቶም ደብዝዞ የሚበራ ወይም ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ፣ ማብሪያው ኒውትራሉን ነው የሚቆርጠው፣ ወይም ማብሪያው ላይ ራሷ የምትበራ ትንሽ መብራት አለች። ፌዙ በማብሪያው በኩል እንዲያልፍ ማስተካከል የመጀመሪያውን ይፈታል፤ ለሁለተኛው ተራ ማብሪያ ይበቃል። ቬንትሌተሩ ሲዞር ብቻ የሚርገበገብ አምፖል በንዝረት ላልቷል፤ ብሬከሩ ወርዶ በመያዣው ሆድ ውስጥ የተጫነችውን የመዳብ ምላስ በቀጭን እንጨት ቀና ያድርጓት። አምፖል ቶሎ ቶሎ የሚቃጠለው በዝግ ብርጭቆ ውስጥ ሙቀት መውጫ ሲያጣ ነው፤ ዋቱን ይቀንሱ።

ሪሞቱ አይታዘዝም

ባትሪውን ይቀይሩ። ካልሆነ በሪሞቱና በተቀባዩ ላይ ያሉት ትንንሽ የኮድ ማዞሪያዎች አንድ ዓይነት መሆናቸውን ይዩ። የጎረቤት ሪሞት የእርስዎን ቬንትሌተር የሚያስነሳ ከሆነም መፍትሄው ይኸው ነው፤ አራት ማዞሪያ 16 የተለያየ ኮድ ይሰጣል።

የተቃጠለ ይሸታል

ጥቅልሉ ጠቁሮ ከሸተተ አሁን በእርግጥ ሞተሩ ነው። መርካቶ ውስጥ ሞተር የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች አሉ። ክንፎቹንና መብራቱን ቤት ትተው ሞተሩን ብቻ ከነካፓሲተሩ ይውሰዱ፤ የሽቦዎቹን ቦታ ፎቶም ያሳዩ። ሲጠቀለል ኩሽኔታውንም አብረው ያስቀይሩ፣ ሞተሩ ሁለቴ እንዳይከፈት። ከመክፈልዎ በፊት እዚያው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አዙረው አካሉን በእጅ ይዳስሱ፤ ለብ ማለቱ ጤናማ ነው፣ እጅ የማያስይዝ ከሆነ እንዲመለከቱት ይመልሱላቸው።