ባለ ኮምፒውተር ቴሌስኮፕ ሐዋሳ ላይ እንዴት ይዘጋጃል? ሰዓቱን ከመሙላት እስከ ጤዛው

ራሱ ኮከብ ፈልጎ የሚያሳይ ቴሌስኮፕ ሰማዩን አያይም። ሪሞቱ ውስጥ የከዋክብት ዝርዝር አለ፤ እናንተ የምትሞሉትን ቦታ፣ ቀንና ሰዓት ከዚያ ዝርዝር ጋር አስልቶ ነው ሞተሩን የሚያዞረው። ስለዚህ ቴሌስኮፑ መሬት መሬት ካየ፣ ዕቃው ተበላሽቷል ብላችሁ ሻጩ ጋ ከመደወላችሁ በፊት የሞላችሁትን ቁጥር መልሳችሁ አንብቡ። እዚህ የምንከተለው የሴለስትሮን ኔክስስታር 6ኤስኢን አሠራር ነው። የሌላው አምራች የስካይዋቸር ሲንስካንም ከጥቂት የቁልፍ ልዩነት በቀር ያው ነው።

መጀመሪያ ቦታ። ከተማው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነ ሐይቁ ዳር ስትቆሙ ጨለማው በምዕራብ፣ በውሃው በኩል ነው፤ የከተማው ብርሃን ከጀርባችሁ ይቀራል። የሐይቁ ዳር አፈር ግን ለስላሳ ነው። ትራይፖዱ በሰዓት ውስጥ ግማሽ ሴንቲሜትር ከሰመጠ አላይመንቱ (ቴሌስኮፑን በታወቁ ኮከቦች ከሰማዩ ጋር ማጣጣሙ) ይበላሻል። ከሦስቱ እግሮች ሥር የሴራሚክ ስባሪ አድርጉ፣ ወይም ሲሚንቶ ላይ ቁሙ። የፎቅ ጣሪያ አይመከርም፤ አንድ ሰው በተራመደ ቁጥር ጁፒተር ይጨፍራል። እግሮቹን በውሃ ልክ አስተካክሉ፣ ማውንቱን (ቱቦውን ይዞ የሚያዞረውን ባለ ሞተር ክፍል) ጫኑ፣ ቱቦውን ግጠሙ፣ 25 ሚሊሜትሩን የዓይን ሌንስ አስገቡ። የዚህ ቱቦ የትኩረት ርዝመት 1500 ሚሊሜትር ስለሆነ በዚህ ሌንስ 60 ጊዜ ያጎላል። ከዚያ በላይ የሚያጎላውን ለኋላ አቆዩት።

ቀይ ነጥብ ያለውን ማነጣጠሪያ በቀን ጨርሱት። አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለ የኔትወርክ አንቴና በቱቦው መሃል አስገቡ፣ ቀዩን ነጥብ በብሎኖቹ እያዞራችሁ እዚያው አንቴና ጫፍ ላይ አሳርፉት። ይህን ስታደርጉ ፀሐይ ባለችበት በኩል ቱቦውን በጭራሽ አታዙሩ። ያለ ፀሐይ ማጣሪያ አንድ ቅጽበት ብቻ ዓይን ያጠፋል።

ኃይል። በመሣሪያው ሆድ ውስጥ የሚገቡት ስምንት የባትሪ ድንጋዮች ገንዘብ ማባከኛ ናቸው። ቮልቴጁ ሲወርድ ሪሞቱ በርቶ እንዳለ ሞተሩ ብቻ ያብዳል፤ ዝም ብሎ ይዞራል ወይም "መልስ የለም" የሚል ስህተት ያሳያል። በቤት መብራት በአዳፕተር ማስኬድም ይቻላል፣ ግን መብራት ለአንድ ሰከንድ ብልጭ ድርግም ካለ ሥራችሁ ሁሉ ተደመሰሰ፣ እንደገና ከዜሮ ነው። የሚሻለው ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት የዩፒኤስ ባትሪ ነው፤ ለአንድ ምሽት ይበቃል። የሶኬቱ መሃል ፖዘቲቭ መሆኑን በቴስተር አረጋግጡ። በመስመሩ ላይ ፊውዝ አስገቡ። ገልብጦ የሰካ ሰው የኤሌክትሮኒክስ ካርዱን ሊያቃጥል ይችላል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ላይ ደረስን፤ ቀኑና ሰዓቱ። ሪሞቱ የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠርን ብቻ ነው፤ ያውም ወሩን አስቀድሞ፣ ቀኑን አስከትሎ። በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 5፡59 ከሆነ 18 ጨምሩ፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ግን 6 ቀንሱና ቀኑን በአንድ አሳድጉ። በምሳሌ፣ ጥር 10 ቀን 2018 ከምሽቱ 2፡15 ለሪሞቱ 20፡15 ነው፤ ቀኑ 01/18/26። በዚያው ሌሊት፣ እኛ "ገና ጥር 10 ሌሊት ነው" በምንልበት፣ ከሌሊቱ 8፡15 ሲሆን ደግሞ 02፡15፣ ቀኑም 01/19/26 ይሆናል። ቀኑን ማሳደግ የሚረሳው ብዙ ነው። ይህ ስህተት ከዋክብቱን አንድ ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሚያዛባ አይታወቅም፤ ጨረቃን ግን በ13 ዲግሪ ገደማ ያስታል።

ስህተቱን ከምልክቱ መለየት ይቻላል። ሰማይ በሰዓት 15 ዲግሪ ይዞራል፤ ስለዚህ በእኛ ሰዓት የሞላ ሰው በ90 ዲግሪ ይስታል። 20፡15 ለማለት 2፡15 ካላችሁ፣ በምሥራቅ ገና እየወጣ ያለውን ኮከብ ቴሌስኮፑ አናታችሁ ላይ ይፈልገዋል። ወሩና ቀኑ ከተቀያየረና ሁለቱም ከ12 ካልበለጡ ሪሞቱ ዝም ብሎ ይቀበላል፤ በእያንዳንዱ ወር ልዩነት 30 ዲግሪ ያህል ትስታላችሁ። ከሁሉ አሳሳቹ ዓመቱን 2018 ብሎ መሙላት ነው። ከዋክብቱ በስምንት ዓመት ለዓይን የሚታይ ለውጥ ስለሌላቸው አላይመንቱ ያለችግር ያልፋል፤ ጁፒተርን ስትጠይቁት ግን ከአድማስ በታች ነው ይላችኋል። በጥር 2018 እንደ ፈረንጆቹ ጁፒተር በሚዛን ኮከብ ውስጥ ነበር፤ በጥር 2026 ያለው ደግሞ በመንትዮቹ (ጀሚኒ) ውስጥ ነው።

ከስልክ ላይ ገልብጡ፣ ያ ይቀላል። ስልኩ ሰዓቱን ከኔትወርክ የሚወስድ ይሁን እንጂ! ስልካቸውን በእጅ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሰው በሐበሻ ሰዓት የሚጠቀሙ ሰዎች አሉና። በዋይፋይ ከስልክ የሚታዘዝ ቴሌስኮፕም ይህንኑ የተሳሳተ ሰዓት ሳይጠይቅ ይወስዳል።

የቀረው አጭር ነው። የሰዓት ቀጠና ፕላስ 3፣ የበጋ ሰዓት ማስተካከያ የለም። የሐዋሳ ኬክሮስ 7 ዲግሪ ከ3 ደቂቃ ሰሜን፣ ኬንትሮስ 38 ዲግሪ ከ28 ደቂቃ ምሥራቅ። ከከተሞች ዝርዝር አዲስ አበባን ብትመርጡም ልዩነቱ ሁለት ዲግሪ ገደማ ነው፤ ኮከቦቹን መሃል ስታስገቡ ይታረማል።

አላይመንቱን በሁለት ኮከብ አድርጉት። የሦስት ኮከቡ ዘዴ ስም ስለማይጠይቅ ለጀማሪ ይመቻል፣ ግን ሁለት ኮከብ ስማቸውን ለይቶ ማወቅ ይሻላል፤ ስህተቱ የት እንደሆነ ይታያችኋል። በጥር ምሽት ከ2 ሰዓት በኋላ በደቡብ ምሥራቅ የሚያበራው ሲሪየስና በሰሜን ምሥራቅ ያለው ካፔላ ጥሩ ጥንድ ናቸው፤ ከ60 ዲግሪ በላይ ይራራቃሉ። አናት ላይ ያለ ኮከብ አትምረጡ። እንዲህ ያለው ማውንት ወደ አናት በቀረበ ቁጥር በአግድም በጣም መዞር ስላለበት መሃል ማስገባቱ አስቸጋሪ ነው። ሐዋሳ ደግሞ ይህ የበረታባት ከተማ ናት፤ ቢተልጁስ የተባለው ኮከብ በጥር 10 ገደማ ከምሽቱ 4፡30 አካባቢ ቀጥ ብሎ በከተማዋ አናት ላይ ያልፋል ማለት ይቻላል። የኦሪዮንን ኔቡላ (የጋዝና የአቧራ ደመና)፣ በዝርዝሩ ኤም 42ን፣ እሱም ወደ አናት ሳይቀርብ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት እዩት።

ኮከቡን በሌንሱ መሃል ስታስገቡ የመጨረሻዎቹን ንክኪዎች በላይና በቀኝ ቀስቶች ብቻ ጨርሱ። ካለፋችሁት ወደ ኋላ መልሱና እንደገና በእነዚሁ ኑ። በማርሾቹ ጥርስ መካከል ክፍተት አለ፤ ቴሌስኮፑ ራሱ ወደ ዒላማ ሲሄድ በእነዚሁ አቅጣጫዎች ስለሚጨርስ ጥርሶቹ በአንድ በኩል መደገፍ አለባቸው። ይህን ችላ ያለ ሰው ሁሉ ነገር "ትንሽ ጎን" ላይ ያገኛል።

ሐይቁ ዳር ጤዛ ይወርዳል። የፊት ብርጭቆው ከደበዘዘ በጨርቅ አትጥረጉ፤ ልባሱ ይጫራል። ከጥቁር የስፖርት ምንጣፍ ወርዱ 25 ሴንቲሜትር የሆነ ቁራጭ ቆርጣችሁ ወደ ፊት እንዲወጣ አድርጋችሁ በቱቦው አፍ ዙሪያ ጠቅልሉ፤ ተገዝቶ ከሚመጣው የሚተናነስ አይደለም። ቤት ስትገቡ ቱቦውን እርጥብ እንዳለ አትክደኑት። አፉን ትንሽ ወደ ታች አዘንብላችሁ ክፍት አሳድሩት፣ ሲደርቅ ጠዋት ክደኑት፤ ባትሪውን ግን ቤት እንደገባችሁ ቻርጅ ላይ ሰኩት።