ትሮትል ቦዲ ያሰፋችሁ የኤቲቪ ልጆች እቺን አንብቡ

ደብረ ብርሃን አካባቢ ኤቲቪ (ባለአራት ጎማ ሞተር) የምትነዱ፣ ትሮትል ቦዲው (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው ክፍል) ሲሰፋ ነዳጅ መስጫውን ነካ ስታደርጉት እንኳን ከበፊቱ የበለጠ አየር ነው የሚገባው፣ ቤንዚኑ በድሮው ልክ ከቀጠለ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ በማርሚታ ይተኩሳል፣ ሚኒሞውም (ነዳጅ ሳትሰጡት ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ዝቅ ይላል። መጀመሪያ ፋሸታውን (የቱቦውን ማሰሪያ) አጥብቁና የጎማ ቱቦው አየር እንዳያስገባ እዩ፣ የትሮትል ሴንሰሩንም (ትሮትሉ ምን ያህል እንደተከፈተ የሚለካውን) ዜሮ አስደርጉ፣ ቤንዚኑ የሚነካው ከዛ በኋላ ነው።

ቤንዚኑ ልክ መሆኑን ለማወቅ እኔ የማምነው ካንዴላ (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ነው። ዳገት ላይ ጠንከር አርጌ ነድቼ ወዲያው አጠፋና በረድ ሲል ፈትቼ አየዋለሁ፣ ጫፉ የማኪያቶ መልክ ከያዘ ልክ ነው፣ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፣ ጥላሸት ከለበሰ በዝቶበታል።

ሌላው የኛ አገር ነገር ቁልቁለቱ ነው፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ጣርማበርን አልፋችሁ ሸዋሮቢት ስትወርዱ ግን 1,300 ሜትር ገደማ ትደርሳላችሁ አየሩም ይወፍራል፣ ስለዚህ የአየር ግፊት የሚለካ ሴንሰር ከሌለው እላይ የተስተካከለው ቤንዚን እታች ያንሰዋል፣ በዛ ሙቀት ደግሞ ፒስተን ሊያቃጥል ይችላል። እባካችሁ ቆላ ልትወርዱ ስትሉ ቤንዚኑን ትንሽ ጨመር አስደርጉት፣ እንደደረሳችሁም ካንዴላውን ፈታችሁ እዩ።