ትርጉሙ ያልታወቀ የሊቅያ ቃል እንዴት ይፈታል?

ጳውሎስ ወደ ሮም ሲወሰድ መርከብ የቀየረባት ሙራ የሊቅያ ከተማ ነበረች። አገሩ ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ቱርክ ባሕር ዳር ይገኛል። ከጳውሎስ 400 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የሊቅያ ሕዝብ የገዛ ቋንቋውን በራሱ ፊደል በመቃብርና በሐውልት ላይ ይቀርጽ ነበር። የተረፈው ጽሑፍ ጥቂት ስለሆነ ብዙ ቃላቱ ዛሬም አከራካሪ ናቸው። አፈታቱን «ኽንታዋቲ» በሚለው ቃል ላሳይዎ።

መጀመሪያ ድንጋዩን በትክክል ያንብቡ። የሊቅያ ጸሐፊዎች ልክ እንደ እኛ ሊቃውንት ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ ይለያሉ፤ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ድንጋዩ በተሰበረበት ቦታ ግን አንድ ሊቅ በግምት የሞላውን ፊደል ከተቀረጸው ለይተው ይጻፉ። በግምት ፊደል ላይ ትርጉም አይሠራም።

ቀጥሎ ቃሉና ዘመዶቹ የሚገኙባቸውን ቦታዎች ሁሉ ይሰብስቡ። በመቃብር ጽሑፎች «ኽንታዋታ» የሚለው ከገዢ ስም ጋር ይመጣል፤ «በፔሪክሌ ኽንታዋታ» እንደማለት። ነገሩ ሥልጣንን እንደሚነካ ከዚሁ ይሸታል።

ሦስተኛው እርምጃ የኔ ተወዳጅ ነው፤ ትርጉም ያለው ድንጋይ መፈለግ። በ1973 እ.ኤ.አ. ከክሳንቶስ ከተማ አጠገብ፣ ሌቶዮን በተባለው የአምልኮ ስፍራ፣ በሊቅያ፣ በግሪክና በአራማይክ የተጻፈ ሐውልት ተገኘ። የሚናገረው ለአንድ አምላክ መሠዊያ ስለማቆምና ካህን ስለመሾም ነው። ግሪኩ አምላኩን «የካውኖስ ንጉሥ» (ካውኖስ የጎረቤት ከተማ ናት) ሲለው ሊቅያው «ኽንታዋቲ» ይለዋል። የአራማይክ ጸሐፊ ደግሞ ማዕረጉን ሳይተረጉም በድምፁ ወሰደው። አራማይክ የግዕዝ ዘመድ ስለሆነች መክፈቻው ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ «የርሕ» ያለው ወርኅ፣ «ሐድ» ያለው አሐዱ ነው።

አሁን ወደ ዘመድ ቋንቋዎች ይሂዱ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሁለት ቃላት ስለተመሳሰሉ ብቻ ዘመድ አይሆኑም፤ የድምፁ ለውጥ በሌሎች ቃላትም መደገም አለበት። የሊቅያ ዘመድ በሆነው በጥንቱ የኬጢ ቋንቋ ወንድ አያት «ኁኃ»፣ ሴት አያት «ኀና» ናቸው፤ በሊቅያ «ኹጋ» እና «ኽና» ሆነዋል። ስለዚህ በቃል መጀመሪያ ያለው የኬጢው ኀ በሊቅያ ኽ ይሆናል። በዚህ ሕግ የሉዊያውያን፣ ማለትም ሌላ ዘመድ ቋንቋ ይናገር የነበረ የጥንት ሕዝብ፣ «ኀንታዋቲ»፣ ማለትም ንጉሥ፣ ከእኛው ቃል ጋር ይገጥማል። ሥሩ «ኀንት» ነው፤ ግንባር ወይም ፊት ማለት። እኛ «ግንባር ቀደም» ስንል የምናስበውን እነሱም አስበዋል!

በመጨረሻ ትርጉሙን በየዓረፍተ ነገሩ መልሰው ይሞክሩት። «ንጉሥ» ለአምላኩ ይስማማል። ነገር ግን አንድ መቃብር «ኽንታዋታ» የሚለውን ለአውቶፍራዳቴስ ይሰጣል፤ እሱ የፋርስ ሹም እንጂ ንጉሥ አልነበረም። ስለዚህ እዚያ «አገዛዝ» ማለት ይሻላል።

ሁሉም ቃል እንዲህ አይታዘዝም። «ሚንቲ» በመቃብር ጽሑፎች ተደጋግሞ ይመጣል፤ መቃብርን የሚቆጣጠር አካል እንደሆነ ከአገባቡ ይታወቃል። የሊቅያ ግሪኮች ግን ሳይተረጉሙ «ሚንዲስ» ብለው ጻፉት። እንዲህ ያለ ቃል ሲገጥምዎ «ማኅበር» ወይም «ሸንጎ» ብለው አይጠፍሩት፤ ቃሉን እንዳለ ትተው ሥራውን ከጎኑ ይጻፉ።