ድሬ ላይ ኤር ኩለር ለገዛችሁ፦ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

የድሬዳዋን ግንቦትና ሰኔ የኖረበት ያውቀዋል። ኤሲ ውድ ነው፤ መብራትም ይበላል። ውሃ የሚሞላበት ኤር ኩለር ለእንዲህ ያለ ደረቅ ሙቀት ጥሩ ነው። ችግሩ የሚመጣው እንደ ኤሲ ስንጠቀምበት ነው።

ትልቁ ስህተት በርና መስኮት መዝጋት ነው። እኔም የገዛሁ ሰሞን እንደዚያው አደረግኩ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን ክፍሉ ታፈነ፣ አንሶላው እርጥብ እርጥብ አለ። ነገሩን ለመረዳት እንስራን ማሰብ ይበቃል። እንስራ ሲያልበው ውሃው እየተነነ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ውስጡ ያለው ይቀዘቅዛል። ኤር ኩለርም አየሩን በእርጥብ ፓድ (ውሃ በሚይዘው እንደ ስፖንጅ ያለ ክፍሉ) ውስጥ እያሳለፈ ያቀዘቅዘዋል፤ እርጥበትም ይጨምርበታል። ያ አየር መውጫ ካጣ ፓዱ ላይ ያለው ውሃ እንደልቡ አይተንም። ቅዝቃዜውም ይጠፋል። ስለዚህ ማሽኑን ክፍት መስኮት ጋ፣ ጀርባውን ወደ ውጭ አዙራችሁ አስቀምጡት፤ ደረቁን አየር ይሳብ። በወዲያኛው በኩል ያለውን መስኮት ወይም በር ደግሞ ገርበብ አድርጉት። እዚያ ያለው መጋረጃ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ከተነፋ፣ በትክክል እየሠራ ነው።

ሁልጊዜ እኩል ያቀዘቅዛል ብሎ መጠበቅም ያሳስታል። ሙቀቱ 35 ዲግሪ፣ የአየሩ እርጥበት 25 በመቶ በሆነበት ቀን፣ የውሃ ትነት አየሩን ቢበዛ እስከ 21 ዲግሪ ገደማ ሊያወርደው ይችላል። እርጥበቱ 60 በመቶ ከሆነ ግን ከ28 ዲግሪ በታች አይወርድም። የቤት ማሽን ደግሞ እዚያም አይደርስም። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ጥሎ አየሩ ሲከብድ ፓዱን በውሃ የሚያርሰውን ፓምፕ አጥፉና እንደ ቬንትሌተር ተጠቀሙበት።

በረዶ መጨመርስ? ብዙም አይጠቅምም። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ የሚወስደው ሙቀት 334 ኪሎጁል ነው። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ግን ወደ 2,400 ይወስዳል። ፍሪጃችሁን አታድክሙት።

ስትከፍቱት መጀመሪያ ፓምፑ ብቻ 10 ደቂቃ ያህል ይሥራ። ደረቅ ፓድ ላይ የሚያልፍ አየር ያው ሙቅ ነው።

አሁን ወደ ውሃው። የድሬ ውሃ በራድ ውስጥ የሚጋግረውን ነጭ ነገር ታውቁታላችሁ። ውሃው ሲተን ያ ይቀራል። በላዩ ላይ በሞላችሁ ቁጥር እየተጠራቀመ ፓዱን ያጠነክረዋል፣ አየር ማሳለፊያውንም ይደፍነዋል። አሮጌውን ውሃ ሳትደፉ አዲስ አትጨምሩ። ፓዱ መንጣት ሲጀምር አቼቶ በገባበት ውሃ ዘፍዝፋችሁ በደንብ አለቅልቁት።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ፣ ውሃ ያለበትን ማሽን ጥግ ላይ ጥላችሁ አትርሱት። ድሬ እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ ትኩሳት፣ በ2019 ቺኩንጉኒያ ወረርሽኝ ገብቶባታል። ሁለቱንም የምታስተላልፈው የኤደስ ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው ቤትና ግቢ ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ነው። በእኛ ሙቀት እንቁላሉ ትንኝ ሆኖ ለመብረር ከሳምንት ብዙም አይፈጅበትም። በየሦስት ቀኑ ውሃውን ድፉ። ስትደፉም ማሽኑን ከሶኬት ነቅላችሁ ውስጡን በብሩሽ ፈትጉ፤ እንቁላሉ የሚጣበቀው ግድግዳው ላይ ነው። ደርቆ ለወራት ይቆይና ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ ሙቀቱ አልፎ ማሽኑን ስታስቀምጡትም ፈትጋችሁ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ፣ ሸፍናችሁ ይሁን።