ከድሬዳዋ እስከ ቶሮንቶ፦ ለቤተሰብ የቡድን ጥሪ የሚሆን መተግበሪያ አመራረጥ

ለቤተሰብ የቪዲዮ ጥሪ የሚሆነውን መተግበሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው ከቤቱ ሰው ሁሉ ስልክ የሚቀናው ወጣት ሲሆን፣ የሚመርጠውም ለራሱ የተመቸውን ነው። ችግሩ የሚታወቀው ቀጠሮው ሲደርስ ነው፤ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያሉት እናት የተላከላቸውን ሊንክ ከፍተው መግባት ያቅታቸዋል፣ ዱባይ ያለችው እህት ጥሪው አይገባላትም፣ ቶሮንቶ ያለው ወንድም ደግሞ የገዛ ፊቱን እያየ ይጠብቃል። ስለዚህ መተግበሪያ ከማማረጥዎ በፊት የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ የሚኖርበትን አገር፣ የስልኩን ዓይነትና ዋይፋይ ወይም የሞባይል ዳታ መጠቀሙን ወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ ከዚያም ከሁሉም ይልቅ የሚቸገረው ማን እንደሆነ ይለዩና ምርጫውን በእርሱ ልክ ይቁረጡት።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው አገር ነው። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ዋትስአፕ ለጽሑፍ መልእክት ይሠራል እንጂ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪው አይፈቀድም፤ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ቦቲምን የሚጠቀሙት ፈቃድ ያለው መተግበሪያ ስለሆነ ነው። ከድሬዳዋም ሆነ ከሐረር ዱባይ ወይም አቡዳቢ ሰው የሌለው ቤት ጥቂት በመሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ ምርጫውን የምትወስነው እዚያ ያለችው እህት ናት ማለት ይቻላል። «ቪፒኤን ጫኚና እለፊው» የሚል መካሪ አይጠፋም፤ ነገር ግን ቪፒኤንን (እገዳ ማለፊያ መተግበሪያን) ለተከለከለ ነገር መጠቀም በዚያ አገር ሕግ ከባድ መቀጮ የሚያስከትል በመሆኑ፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራን ልጅ ለአንድ ጨዋታ ሲባል ለዚህ ማጋለጥ አግባብ አይመስለኝም።

ኤምሬቶች ውስጥ የሚኖር ሰው ከሌለ ግን ዋትስአፕ ለአብዛኛው ቤተሰብ ይበቃል። የሚመዘገበው በስልክ ቁጥር ነው፤ ጥሪው እንደ ተራ ስልክ ስለሚጮህ አረጋውያን ማንሳት እንጂ ሌላ ነገር መማር አያስፈልጋቸውም፤ በአንድ ጥሪ እስከ 32 ሰው ያገናኛል፤ የሰዓት ገደብም የለውም። ነገር ግን ከአንድሮይድ 5.0 በታች በሆነ አሮጌ ስልክ ላይ ስለማይሠራ፣ የእናትዎን ስልክ አስቀድመው ይመልከቱ። ቴሌግራም በየስልካችን ቢኖርም፣ በግሩፕ ውስጥ የሚከፈተው የቪዲዮ ውይይት እንደ ስልክ ጥሪ ስለማይጮህ አያት ሳያዩት ያልፋሉ። ኢሞ ላይ የተሰባሰበ ቤተሰብ ካለ ደግሞ፣ ሁሉም እስከለመደው ድረስ የሚቀይርበት ምክንያት አይታየኝም። የአይፎኑ ፌስታይም ይበልጥ የሚጠቅመው ሁሉም አይፎን ሲይዝ ነው።

ሰርግ ወይም ኒካህ ሲሆንና ሰው ሲበዛ ዙም እና ጉግል ሚት ይመጣሉ፤ ሁለቱም በነጻ እስከ 100 ሰው ይቀበላሉ። ይሁን እንጂ ነጻው ዙም በ40 ደቂቃ፣ ጉግል ሚት ደግሞ ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ካለ በ60 ደቂቃ ይቋረጣል። በእኛ ቤት የ40 ደቂቃው ግማሽ የሚያልቀው በሰላምታ ነው።

የዳታ ወጪን በግምት መተው አይገባም። ዋትስአፕ ላይ በሴቲንግ ውስጥ «ስቶሬጅ ኤንድ ዳታ» በሚለው ሥር «ኔትወርክ ዩሴጅ» የሚል ስላለ፣ እዚያ ለጥሪ የዋለውን ቁጥር ይመዝግቡ፣ 10 ደቂቃ የሙከራ ጥሪ ያድርጉ፣ ልዩነቱን በ6 ያባዙት፤ የአንድ ሰዓት ፍጆታዎ ይህ ነው፣ ጥቅል የሚገዙትም በዚህ መጠን ነው። «ዩዝ ለስ ዳታ ፎር ኮልስ» የሚለውን ማብራትም ፍጆታውን ይቀንሳል። ሙከራውን የሚያደርጉት ግን ጥሪው በሚካሄድበት ክፍል ውስጥ ይሁን፤ በሐረሩ ጀጎል ግንብ ውስጥ ባሉት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ቤቶች ኔትወርኩ ግቢ ላይ ሙሉ ሆኖ ውስጥ ሲገቡ ይጠፋል። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ሥራውን የጀመረው ከድሬዳዋ ስለሆነ፣ በዚህ ከተማ የኢትዮ ቴሌኮምንና የእርሱን ሲም በተመሳሳይ ቦታ እያፈራረቁ ማወዳደር ይቻላል።

ቀጠሮ ሲይዙ በሰዓት አቆጣጠራችን ይጠንቀቁ። ወንድሜ «8:00» ብሎ የላከውን እናቴ እንደ እኛው ስምንት ሰዓት ቆጥራ፣ ከምሳ በኋላ ሻሿን አስተካክላ፣ ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ ተቀመጠች፤ ጥሪው የመጣው ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ማለትም ከስድስት ሰዓት በኋላ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በድሬ» ብለን በግልጽ እንጽፋለን። ይህ ሰዓት በዱባይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ ቶሮንቶና ዋሽንግተን ላይ ደግሞ ከመጋቢት መጀመሪያ ገደማ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ በቀሪዎቹ ወራት ቀትር ላይ ይውላል።

በድሬ ሙቀት ቬንትሌተር ማጥፋት የማይታሰብ ነው፤ ስልኩ ወደ እርሱ ከዞረ ግን ሌላው ወገን የሚሰማው ነፋስ ብቻ ነው። ስለዚህ ስልኩን ከቬንትሌተሩ አርቀው ያስቀምጡ፤ የማይናገሩ ሰዎችም ማይካቸውን ይዝጉ። ምስሉ መቆራረጥ ሲጀምር ጥሪውን ዘግቶ እንደገና ከመደወል ይልቅ፣ አንድ በአንድ ካሜራ እያጠፉ በድምፅ መቀጠል ይሻላል። አጎቴ ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ደርሰውበታል፤ ምስሉ በቆመ ቁጥር «አቦ፣ ፊትህን አይቼዋለሁ፤ አጥፋውና እንጫወት» ይላሉ።