የከረረ ጠብን በዘጋቢ ፊልም መቅረጽ፦ ከባርባራ ኮፕል አሠራር

የሥራ ማቆም አድማን ወይም ሌላ የከረረ ጠብን ለመቅረጽ የሚያስብ ሰው፣ የካሜራ ዋጋ ከማጠያየቁ በፊት የአሜሪካዊቷን የባርባራ ኮፕልን አሠራር ቢያጠና ይጠቀማል። ኮፕል በሃያዎቹ ዕድሜዋ ወደ ኬንታኪ ወርዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረውንና ከአንድ ዓመት በላይ የዘለቀውን የብሩክሳይድ የድንጋይ ከሰል ሠራተኞች አድማ ቀርጻለች። በ1976 የወጣው «ሃርላን ካውንቲ ዩ.ኤስ.ኤ.» በማግሥቱ ዓመት ኦስካር አስገኝቶላታል።

በቅድሚያ ማደሪያዎን ከባለጉዳዮቹ ዘንድ ያድርጉ። ኮፕልና ባልደረቦቿ በሠራተኞቹ ቤት ያድሩ ነበር፤ አድማ መቺዎቹ ወደ ማዕድኑ የሚወስደውን መንገድ የሚይዙት ገና ሳይነጋ ስለሆነ፣ ቁርሱን በልቶ ከሆቴል የሚነሣ ቀራጭ አንዳች ነገር ባላገኘ ነበር።

ዕቅድዎን አጥብቀው አይያዙ። እሷ የሄደችው በማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ውስጥ የተነሣውን የለውጥ እንቅስቃሴ ለመከታተል ነበር፤ አድማው ሲመጣ ግን ፊቷን ወደዚያ አዞረች። በማዕድኑ በር ላይ የሚቆሙትን አድማ መቺዎች ቁጥር ፍርድ ቤት ሲገድብ፣ ሚስቶቻቸው በትር ይዘው ቦታውን ተረከቡ። በእኔ ግምት የፊልሙ ጉልበት ያለው እነዚህ ሴቶች በስብሰባ ሲነታረኩ በሚታዩበት ክፍል ነው፤ አንዷ ከደረቷ ሽጉጥ መዝዛ ስታሳይ ማንም «እንዲህ አድርጊ» እንዳላላት ያስታውቃል። እንዲህ ያለው ነገር የሚገኘው ካሜራው እስኪረሳ ድረስ አብሮ በመቀመጥ ብቻ ነው።

ለድምፅ ራሱን የቻለ ሰው ይመድቡ። ኮፕል ማይክሮፎኑን የምትይዘው ራሷ ነበረች። ታጣቂዎች ሊነጋጋ ሲል ባጠቁበት ትዕይንት ምስሉ ከጨለማና ከግርግር በቀር ብዙ አያሳይም፤ የሆነውን የምንረዳው ከጩኸቱና ከተኩሱ ነው። ካሜራው መኖሩ ራሱ ጥቃትን ያበርድ ስለነበር፣ ፊልም ሲያልቅባቸው እንኳ የሚቀርጹ መስለው ይቆሙ ነበር።

ገንዘቡ ሁሉ እስኪሟላ አይጠብቁ፤ እሷም በትንንሽ ድጎማና በዕዳ ነው የገፋችበት።

በቅንብር ጊዜ ተራኪ ከማስገባትዎ በፊት ሰዎቹ ራሳቸው ጉዳዩን ይናገሩት እንደሆነ ይፈትሹ፤ እዚህ ፊልም ውስጥ ተራኪ የለም፣ የአካባቢው ዘፈን ግን አለ። ስምምነት ሲፈረምም ካሜራውን ቶሎ አይጠቅልሉ። አንድ ወጣት ሠራተኛ በጥይት ከተገደለ በኋላ የብሩክሳይድ ውል ቢፈረምም፣ ኮፕል ቀረጻዋን ቀጥላ ሠራተኞቹ በ1974 መጨረሻ በአገር አቀፉ ውል ላይ ሲከራከሩ አሳይታለች።